«ታድግበታለች» እና ሌሎች ባት ሲገዛ የሚሠሩ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት የሶፍትቦል ልምምድ ላይ አንድ አባት አዲስ ባት፣ ማለትም የኳስ መምቻ ዱላ፣ ይዞ መጣ። ላስቲኩ ገና አልተላጠም። ኮምፖዚት፣ ማለትም ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ነው፤ 33 ኢንች፣ 23 አውንስ። ልጁ 11 ዓመቷ ነው። ከመኪናው ወደ ሜዳው ስትመጣ ባቱን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ምንም ሳልናገር ፊቴን አይቶ ገባው መሰለኝ፣ «አሰልጣኝ፣ ታድግበታለች ብዬ ነው እኮ» አለኝ።

ይህችን «ታድግበታለች» የምትል ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቁጥሩን እንጃ። ጃኬት ላይ ትሠራለች፤ እጅጌውን ጠቅለል ማድረግ ነው። ባት ግን እጀታ እንጂ እጅጌ የለውም።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በፋስትፒች፣ ማለትም ኳሱ በፍጥነት በሚወረወርበት ሶፍትቦል፣ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ሲጫወቱ፣ ከወርዋሪዋ እስከ መምቻው ያለው ርቀት 40 ጫማ ነው፤ 12 ሜትር ገደማ። ኳሱ በሰዓት 55 ማይል ከመጣ ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላ ደረሰ ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት ልጅቷ ኳሱን ማየት አለባት፣ መምታት አለመምታቷን መወሰን አለባት፣ ከዚያ መሰንዘር አለባት። ባቱ ሲከብዳት ለመድረስ ስትል ቀድማ ትጀምራለች። ቀድማ ስትጀምር ደግሞ ኳሱን በቅጡ ሳታየው ነው። ወርዋሪዋ ቀስ የሚል ኳስ ከላከችባት አለቀ፤ ባቱ አልፎ ሄዷል፣ ኳሱ ገና እየመጣ ነው።

ሌላም አለ። ከባድ ባት እጅ ይጎትታል። ልጅቷ ስትሰነዝር ክርኗ ይወርዳል፣ የባቱ ጫፍ ይዘቀዘቃል፣ ኳሱም ወይ ወደ ሰማይ ይወጣል ወይ ከመስመር ውጪ ይወድቃል። ይሄኔ ከአጥር ውጪ ያለነው ሁላችን «እጅሽን አታውርጂ!» እያልን እንጮሃለን። ልጅቷ ምን አጠፋች? እጇን ያወረደው ባቱ ነው። ወላጅም የግል አሰልጣኝ ይቀጥርላታል። የአመታት ችግር የተባለው ነገር ሁለት ሦስት አውንስ ሆኖ ሲገኝ ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለዚያች ልጅ ከቡድኑ ቦርሳ 30 ኢንች፣ 19 አውንስ የሆነ አሮጌ ባት አውጥቼ ሰጠኋት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኳሶች በጣም ቀድማ ሰንዝራ በግራ በኩል ከሜዳ አስወጣቻቸው። የከባዱን ባት ክብደት ለምዳ ስለነበር ነው እንጂ ፍጥነቱ አላት። ሦስተኛው በወርዋሪዋ ራስ ላይ አልፎ መሀል ሜዳ አረፈ። አባትየውን «ላስቲኩን እንዳትልጠው፣ ነገ መልሰው» አልኩት።

ርዝመቱን መለካት ቀላል ነው። የእጀታው ጫፍ ደረቷ መሀል ላይ ይሁን፣ ባቱ ወደ ፊት ይዘርጋ፣ እሷም እጇን አብራ ትዘርጋ። ጣቶቿ የባቱን ጫፍ ከነኩ ልኳ ነው። ክብደቱን ደግሞ በአንድ እጇ እጀታውን ይዛ፣ ክንዷን በትከሻዋ ልክ ወደ ጎን ዘርግታ እስከ 20 ትቁጠር። አስር ሳይሞላ ጫፉ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ይከብዳታል።

ድሮፑን አንብቦ ጨረስኩ ማለት

ድሮፕ የሚባለው የባቱ ርዝመት በኢንች ሲቀነስ ክብደቱ በአውንስ ነው። 32 ኢንች ሆኖ 22 አውንስ ከመዘነ ድሮፕ 10 ይባላል። ትንንሾቹ ከ11 እስከ 13 ይይዛሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ አካባቢ 10 ይበዛል፤ ጉልበት ያላቸው ትልልቅ መቺዎች ወደ 9 እና 8 ይወርዳሉ። እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል።

የሚረሳው ክብደቱ የት እንዳለ ነው። ሁለቱም 32 በ22 የሆኑ ሁለት ባቶች ውሰዱ። እያንዳንዱን በአንድ ጣት ላይ አግድሙት፣ ወዲያ ወዲህ ሳይል የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ። የአንዱ ቦታ ከእጀታው ራቅ ብሎ ወደ ጫፉ ከተጠጋ፣ ያኛው ጫፉ የከበደ ነው። ሚዛን ላይ እኩል ናቸው፣ እጅ ላይ ግን አይደሉም። ጫፉ የከበደ ባት ጉልበት ላላት ልጅ ኳስ ያርቅላታል። ፍጥነት ለምትፈልግ ልጅ ግን ክብደቱ የተመጣጠነ ይሻላታል። ሱቅ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰንዝሮ ማየት የጽሑፉን ቁጥር ከማንበብ ይበልጣል።

ማኅተሙን ሳያዩ መግዛት

አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ የሶፍትቦል ማኅበር ባቱ ለውድድሩ መፈቀዱን የሚያሳይ የራሱ ማኅተም አለው። ድሮ ኤኤስኤ የሚባለው የዛሬው ዩኤስኤ ሶፍትቦል አንድ ነው፤ ዩኤስኤስኤስኤ ሌላ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውድድሮች ለረጅም ጊዜ የኤኤስኤ ወይም የዩኤስኤ ሶፍትቦልን ማኅተም ይጠይቁ ነበር። የአንዱ ማኅተም ብቻ ያለበት ባት ቅዳሜ አንዱ ውድድር ላይ ተፈቅዶ ማክሰኞ ሌላ ሜዳ ላይ ሊከለከል ይችላል። ዳኛው ከጨዋታ በፊት ከለየው ዕድለኛ ናችሁ። መቺዋ ይዛው ከገባች አውት ልትባል፣ ማለትም የመምታት ተራዋን ልታጣ ትችላለች። ደግሞ ማኅተም እያለበት በኋላ የታገደ ባት አለ፤ ዩኤስኤ ሶፍትቦል የታገዱትን ዝርዝር ያወጣል። አሮጌ ባት የምትገዙ ሰዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ስሙን እዚያ ፈልጉት።

የወንድሟን የቤዝቦል ባት አትስጧት። ፋስትፒች ላይ ባሬሉ፣ ማለትም ኳስ የሚመታበት ወፍራሙ ክፍል፣ ከ2¼ ኢንች አይበልጥም። ኳሱ በቀስታ የሚወረወርበት የስሎፒች ሶፍትቦል ባትም አይሆንም፤ ውፍረቱ አንድ ነው ግን ለእሷ ድንጋይ ነው፣ ውስጡም ለዚያ ፍጥነት አልተሠራም።

በቀለም መምረጥስ? ትምረጥ። የምትወደውን ባት ልጅ አዘውትራ ታነሳዋለች። ልኩ ከታወቀ በኋላ ይሁን እንጂ።

በአዲስነቱ ውድድር ይዞ መግባት

ኮምፖዚት የካርቦን ፋይበር ድርብርብ በሙጫ ተያይዞ የሚሠራ ነው። አዲስ ሲሆን ድርቅ ያለ ነው። ኳስ እየተመታበት ሲሄድ ድርብርቡ ቀስ በቀስ ይፍታታና ባሬሉ ኳሱን እንደ ስፕሪንግ መመለስ ይጀምራል። ብዙዎቹ ከ150 እስከ 200 ምት ይፈልጋሉ። ይህን ሳያደርጉ እሁድ ጠዋት ውድድር ላይ ይዘውት ይገባሉ፣ ከዚያ «ባቱ ሞቷል» ይላሉ። አልሞተም፣ ገና አልተፍታታም።

መጀመሪያ ኳሱን ማስቀመጫ ላይ አድርጋ በግማሽ ጉልበት ትምታ። በየምቱ ባቱን ትንሽ ታዙረው፣ ሁሉም ጎኑ እኩል እንዲመታ። ከዚያ ከቅርብ በሚወረወር ኳስ፣ ቀጥሎ በሙሉ ጉልበት። ኳሱ እውነተኛ የሶፍትቦል ኳስ ይሁን። ማሽን ላይ የሚገባው ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት ጠንካራ የፕላስቲክ ኳስ ለኮምፖዚት መርዝ ነው። ለማሽን የሚሆን አንድ አሮጌ የአልሙኒየም ባት ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

እንዲያውም እውነቱን ልንገራችሁ፦ ገና ጀማሪ ለሆነች የስምንት ዓመት ልጅ ኮምፖዚት አያስፈልጋትም። ባሬሉን የሚያፍታታ ጉልበት የላትም። አልሙኒየም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዝግጁ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል።

ብርድ

ይህን የምጽፈው በራሴ አፍሬ ነው። የውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ነበር፣ ማለዳ፣ ሲተነፍሱ ጭስ የሚታይበት። ለተከላካዮቹ ኳስ እየመታሁ ላለማምድ ፈለግሁና የእኔን ባት መኪና ውስጥ ረስቼዋለሁ። አጠገቤ የነበረውን አነሳሁ። የአንዲት ልጅ አዲስ ኮምፖዚት ነው። ኳሱ በብርዱ ደርቋል፣ እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ያውም በሙሉ ጉልበት። ሦስቱ ምቶች ጥርት ብለው ጮኹ። አራተኛው «ዷ» አለ፣ ባዶ ጣሳ እንደመርገጥ። አውራ ጣቴን ባሬሉ ላይ ሳስኬድ ጥፍሬን የሚይዝ ስንጥቅ አገኘሁ። ልጅቷ አየችኝ፣ ከዚያ ባቱን አየችው። አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ሌላ ገዛሁላት።

ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ኮምፖዚቱን ከቦርሳው አታውጡት። ሌሊትም መኪና ውስጥ አይደር። ባቷንም ለማንም አታውስ፣ ለአሰልጣኝም ጭምር።

ባት «የሚያፍታቱላችሁ» ሰዎች

በሁለት ሲሊንደር መካከል ጨምቀው በአንድ ቀን እናፍታታላችኋለን የሚሉ አሉ። ውስጡን የሚፍቁም አሉ። ሁለቱም ክልክል ነው። ዋስትናው ይሰረዛል፣ ባቱ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ተይዛ ከተገኘች ደግሞ ከጨዋታ ትባረራለች። ከሁሉ በላይ በ40 ጫማ ርቀት ላይ የቆመች ወርዋሪ ፊት አለ። በዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም።

አሮጌ ባት ስትገዙ ቀለሙ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያሉ መስመሮች ብታዩ ወዲያው አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ነው። ጥፍራችሁን አስኪዱበት። ጥፍር ከያዘ ተዉት። ድምፁንም ስሙት፣ የደፈነ ድምፅ ካለው ተዉት። «ውስጡ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል፣ ተሰብሯል?» ብለው የሚጠይቁኝም ብዙ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ስትሠራ የተረፈች የሙጫ ቁራጭ ናት። ካስጨነቃችሁ በዋስትናው ለአምራቹ ላኩት። ራሳችሁ ግን ጫፉን ፈልቅቃችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፤ ዳኛው ዘንድ ጫፉ የተከፈተ ባት የተነካካ ባት ነው፣ ምን ልታወጡ እንደከፈታችሁት ማንም አይጠይቃችሁም።