የአቻ ድጋፍ ክበብ ስታቋቁሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስከረም ላይ ክበባት ሲመሠረቱ ከሥነ ዜጋው፣ ከፀረ ኤድሱና ከሚኒ ሚዲያው ጎን “የአቻ ድጋፍ” ወይም “የተማሪ አመራር” የሚል ስም መስማት እዚህ ጅማም ተለምዷል። ጥር ላይ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ግን አብዛኞቹ ከግድግዳ ፖስተር አልፈው አታገኟቸውም። ልጆቹ ሰነፉ ይባላል። እኔ እንደማየው ከመጀመሪያው የተሰጣቸው ሥራ የእነሱ አልነበረም። አቻ ረዳት፣ ማለትም የጓደኛውን ችግር የሚሰማ ተማሪ፣ ሐኪም አይደለም፣ ፖሊስም አይደለም፣ የመምህር ምክትልም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ሥራውን በሦስት ነገር ይጨርሰዋል፤ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ከታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ከእነዚህ ሦስቱ ሲወጡ የሚመጡ ናቸው።

ከአንድ እስከ ሦስት የወጡትን መምረጥ

ስም ጠሪው መምህር ዝርዝሩን ያይና ጎበዞቹን ይጽፋል። ችግሩ፣ የከፋው ልጅ ችግሩን ከክፍሉ አንደኛ ለሚወጣ ተማሪ አይነግርም። ከሰቃ፣ ከማና፣ ከዴዶ ወይም ከቀርሳ መጥቶ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ የሚማረው ልጅ፣ ቅዳሜ ከቤት ያመጣው ስንቅ ረቡዕ ሲያልቅበት የሚያውቀው አብሮት የሚያድረው ጓደኛው ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹን ራሳቸውን ጠይቋቸው። ቁራጭ ወረቀት አድሉና “የከፋችሁ ቀን ከዚህ ክፍል ለማን ትነግራላችሁ?” በሉ፤ የራሳቸውን ስም ሳይጽፉ ይመልሱ። ደጋግሞ የሚመጣው ስም ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ መምህራን እምብዛም የማያነሡት ልጅ ይሆናል። ከዚያ ሚዛኑን እዩ፤ ሴቶችም ወንዶችም፣ ከጠዋቱም ከከሰዓቱም ፈረቃ፣ ተከራይተው ከሚማሩትም። ቋንቋም አትርሱ። ቤቱ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ ያደገ ልጅ ለቅሶውን በአማርኛ እንዲያስረዳ ማስገደድ ግማሹን ማፈን ነው፤ ከረዳቶቹ በሁለቱም የሚያወሩ ይኑሩ።

የክፍል አለቃውን ረዳት ማድረግ

የረባሽ ስም በሚጽፍ እጅ ምሥጢር አይጻፍም። አለቃውን ተዉት፣ ሌላ ምረጡ። ዩኒት ሊደሩም ረዳቶቹን ጠርቶ “እስኪ ማን ነው የሚቅመው?” ብሎ የጠየቀ ዕለት ክበቡ አለቀለት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠጋቸውም። ይህን ርእሰ መምህሩ ከመጀመሪያው ስብሰባ ላይ በሁሉም ፊት ቢናገረው ጥሩ ነው።

“ለማንም አልናገርም” ማለት

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው፤ በደግ ልብ ስለሚደረግ ደግሞ ማንም አይጠረጥረውም። አንዲት ተማሪ እያለቀሰች “ለማንም እንዳትነግሪ ማይልኝ” ትላለች፣ ረዳቷ ትምላለች። ከዚያ የምትሰማው የአስገድዶ መድፈር ጥቃት ከሆነስ? ከጥቃት በኋላ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ዓርብ የተነገረ ነገር “ሰኞ እናየዋለን” ከተባለ ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ አንድ ልጅ መኖር እንደማይፈልግ እየነገራት ከሆነስ? መሐላ የገባች የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ያን ሸክም ብቻዋን ይዛ ታድራለች።

ስለዚህ ቃሉ ከወሬው በፊት ይሰጥ፤ “የምትነግሪኝን ለጓደኛ አላወራም፣ ግን አንቺ ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ነገር ከሆነ አብረን ለአንድ ትልቅ ሰው እንነግራለን።” “አብረን” የምትለውን አስምሩባት፤ ልጅቷን ትታ ሮጣ ሄዳ ብትናገር ሌላ ክህደት ነው። ያ ትልቅ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ በስም የታወቀ ይሁን፤ አንድ ሴት መምህርና አንድ ወንድ መምህር፣ ስልካቸው በረዳቶቹ እጅ። “ለሚመለከተው አካል” የሚባል ሰው የለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። “ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?” ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ልብ ውስጥ አይተክልም። በዚህ ፍርሃት ብዙ መምህራን ዝም ይላሉ። መጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚያስተነፍስ ነው፤ መልሱ “አዎ” ከሆነ ልጁ ብቻውን አይተው፣ ያ ስሙ የታወቀው መምህር እዚያው ይጠራ።

ጫትን በሥነ ሥርዓት ደንብ ብቻ ማየት

በኛ ከተማ ይህን ሳያነሡ ስለ ተማሪ ደኅንነት መናገር ማስመሰል ነው። ለፈተና ለማንጋት ብሎ የጀመረ ልጅ ብዙ ነው። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይነሣል፤ ሲለቅ ደግሞ ድብርትና ብስጭት ይከተላል። ጠዋት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ልጅ “ወላጅ አምጣ” ብሎ ማባረር መልሶ ወደ መቃሚያው ቤት መላክ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚውልበት ሌላ ቦታ የለውማ። ረዳቱ ስብከት አይጀምር፤ “ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው?” ብሎ ቢጠይቅ ይበቃዋል። አብሮ በጊዜ የሚያጠና ጓደኛ ማግኘት ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልቅ ይሠራል።

የቡናው ነገርም ከዚሁ አይርቅም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለለቀማ የሚቀር ተማሪ ሰነፍ አይደለም፣ የቤተሰቡ የዓመት ገቢ እዚያ ነው። ደብተር የሚያውሰውና ሲመለስ የሚቀበለው ልጅ መድቡለት።

ፈተና ሲደርስ አነቃቂ ተናጋሪ መጋበዝ

“ከጣራችሁ የማይቻል የለም” የሚለው ንግግር አዳራሹን ያስጨበጭባል፣ ማታ ግን ጭንቀቱን እጥፍ ያደርገዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ጥቅምት 2015 ላይ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ተማሪው ከእናንተ በፊት ያውቀዋል። የሚጠቅመው ንግግር ሳይሆን መረጃ ነው። አምና የተፈተነ ልጅ ጥሩና ያውራ፤ ዶርም ምን ይመስላል፣ ምን ይዞ መግባት ይቻላል፣ ምን በር ላይ ይቀማል፣ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል ምን አደረገ።

ሁሉም የሚረሳው ደግሞ ውጤት የሚወጣበትን ቀን ነው። ልጁ ያኔ የትምህርት ቤቱ ተማሪ አይደለም፣ ክበቡ ተበትኗል፣ ሰፈሩ ሁሉ “ስንት አመጣህ?” ይላል። ረዳቶቹ ማን ለማን እንደሚደውል ቀድመው ይከፋፈሉ። ደዋዩ ስለ ሪሜዲያል (የማለፊያ ነጥብ ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት)፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ፣ በግል ዳግም ስለመፈተን አማራጩን የሚያውቅ ይሁን። “አይዞህ” ብቻውን ቀጭን ነው።

ሐኪም ለአንድ ቀን ንግግር ጠርቶ መሸኘት

ጅማ ከብዙ ከተሞች የታደለች ናት፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውስጥ የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ በማውጣት የታወቀ ነው። ከንግግሩ ይልቅ አንድ ባለሙያ ስልኩን እንዲሰጥ፣ ትምህርት ቤቱ የላከውን ልጅ ማን እንደሚቀበለው እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ቤተሰቡ ጠበል ወይም ሼኪው ጋ መውሰድ ከፈለገ አትጨቃጨቁ፤ “እሱም ይቀጥል፣ ሐኪሙም ይየው” ማለት ይቻላል። ክርክር የጀመራችሁ ዕለት ልጁን ደብቀው ያስቀሩታል።

አሠልጥኖ መተው

የአንድ ቀን ሥልጠና፣ ቲሸርት፣ ሰርተፊኬት፣ ፎቶ፤ ከዚያ ዝምታ። የሰው ጭንቀት የሚሰማ ልጅ ራሱ ይደክማል። በሁለት ሳምንት አንዴ አስተባባሪው መምህር ረዳቶቹን ሰብስቦ፣ የማንንም ስም ሳያስጠራ፣ “እናንተስ እንዴት ናችሁ?” ይበላቸው። የከበደው ለአንድ ወር ይረፍ፣ እንደ ቅጣት ሳይቆጠርበት።

ሁሉንም ከ12ኛ ክፍል መውሰድ

ያ ከሆነ ሰኔ ላይ ክበቡም አብሮ ይመረቃል። ግማሾቹ ከ10ኛና ከ11ኛ ይሁኑ። አዲስ የሚገቡት 9ኞች መስከረም ላይ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ የቱ መምህር እንደማያሸማቅቅ፣ የእነዚያ ሁለት መምህራን ስልክ ያለው ማን ጋ እንደሆነ የሚያሳያቸው ልጅ በሩ ላይ ይጠብቃቸው።