ከብርሃን ለሚፈጥን ልቦለዳዊ መንኮራኩር የሞተር ማቀፊያ አነዳደፍ

ለሳይንሳዊ ልቦለድ ከብርሃን የሚፈጥን መንኮራኩር የሚነድፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን ከውጫዊው ቅርጽ ይጀምራል። እኔ ግን ከሞተሩ አደገኛነት እንዲጀምር እመክራለሁ፤ ሞተሩን የሚይዘው አካል ማለትም ማቀፊያው ከሠራተኞቹ መኖሪያ የራቀበት ምክንያት ካልታወቀ የቱንም ያህል ቢያምር ጌጥ ሆኖ ይቀራልና። እ.ኤ.አ. በ1966 መታየት የጀመረውን የቴሌቪዥን ድራማ የ«ስታር ትሬክ»ን መርከብ የነደፈው ማት ጀፈሪስ ሁለቱን ሞተሮች በረጃጅም ክንዶች ጫፍ ላይ ያስቀመጣቸው እጅግ ኃይለኛና ለሰው የሚያሰጉ ይሆናሉ ብሎ በማሰብ ነበር።

ርቀት በእርግጥም ይከላከላል። ከአንድ ነጥብ በየአቅጣጫው የሚወጣ ጨረር በርቀቱ ካሬ መጠን ስለሚሳሳ፣ ከሞተሩ 10 ሜትር ርቆ የነበረ ክፍል 30 ሜትር ቢርቅ የሚደርሰው ጨረር ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። ስለዚህ ክንዱን ማስረዘም ከባድ የእርሳስ ግድግዳ ከመሸከም ሊሻል ይችላል።

የክንዱን ውፍረት የሚወስነው ሞተሩ የሚሠራበት መንገድ ነው። ሞተሩ እንደ ሮኬት የሚገፋ ከሆነ ግፊቱ ሁሉ በክንዱ በኩል ስለሚያልፍ ሥሩ መደንደን አለበት። ሜክሲኳዊው የፊዚክስ ሊቅ ሚጌል አልኩቢዬሬ በ1994 ባቀረበው የሒሳብ ሞዴል ግን ከመርከቡ ፊት ያለው ኅዋ ይኮማተራል፣ ከኋላው ያለው ይለጠጣል፤ በመካከሉ ያለው መርከብ ፍጥነት ሲጨመር አይሰማውም። ይህን መንገድ የመረጠ ነዳፊ ክንዱን ሊያቀጥን ይችላል፤ ሆኖም መርከቡ ተራ ሞተርም ካለው የእርሱን ግፊት ማሰብ አይቀርም። ሞዴሉ አሉታዊ ኃይል (መጠኑ ከዜሮ በታች የሆነ ኢነርጂ) ስለሚጠይቅና ያን ያህል አሉታዊ ኃይል ማምረት የቻለ ስለሌለ፣ በማቀፊያው ውስጥ የሚቀመጠው መሣሪያ ለደራሲው ፈጠራ የተተወ ነው። መርከቡ በሙሉ በሚኮማተረውና በሚለጠጠው ኅዋ መካከል በሚፈጠረው አረፋ መሰል ክልል ውስጥ መግባት ስላለበት፣ ማቀፊያዎቹን በግራና በቀኝ ማድረግ ለአንባቢ በቀላሉ የሚታመን አቀማመጥ ነው።

በማቀፊያው ፊት የጋዝ መሰብሰቢያ ማድረግ የተለመደ ሲሆን ሐሳቡ የመጣው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ባሳርድ በ1960 ካቀረበው፣ በጉዞ ላይ ሃይድሮጅን ከኅዋ እየሰበሰበ ለነዳጅ ከሚጠቀም ሞተር ነው። በከዋክብት መካከል ያለው ሃይድሮጅን በአማካይ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አንድ አቶም ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የመሰብሰቢያው አፍ ራሱ ትንሽ ቢሆንም ጋዙን የሚስበው መግነጢሳዊ መስክ እጅግ ሰፊ መሆን ይኖርበታል።

ብዙ ነዳፊዎች የሚዘነጉት ሙቀትን ነው። በባዶ ኅዋ ሙቀትን የሚወስድ አየር ስለሌለ በጨረር መልክ ከመውጣት ሌላ መንገድ የለውም። የአንድ ገጽ ሙቀት በኬልቪን ሲለካ እጥፍ ቢሆን የሚያወጣው ጨረር 16 እጥፍ ይሆናል፤ በማቀፊያው ጎን የሚያበራ ረጅም መስመር ከተሳለም ራዲያተር ማለትም ሙቀት ማስወጫ ነው ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ታዲያ መስመሩ ወደ ውጭ ይዙር፤ ሁለቱ ማቀፊያዎች ፊት ለፊት የሚያበሩ ከሆነ አንዱ የሌላውን ሙቀት ይቀበላል፣ በመካከል ያለው የመርከቡ አካልም አብሮ ይጋላል።

በመጨረሻ የሚነደፈው መገንጠያው ነው። ሞተሩ ሊፈነዳ ሲል ማቀፊያው በክንዱ ሥር ተቆርጦ እንዲወረወር ማድረግ ይቻላል፤ ጠጋኞች በክንዱ ውስጥ የሚያልፉ ከሆነ ግን ከመቁረጫው በመርከቡ በኩል አየር የማያሳልፍ በር ሊኖር ይገባል።