ልጅዎ ከፍ ያለውን የሂሳብ ክፍል ይውሰድ? ከመፈረምዎ በፊት እንዴት እንደሚወሰን

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የምናሳድግ ኢትዮጵያውያን ከትምህርት ቤት «ልጅዎ በ8ኛ ክፍል አልጀብራ አንድን እንዲወስድ ተመርጧል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰን ብዙዎቻችን እስከ መጨረሻው ሳናነበው እንፈርማለን። ደብዳቤው ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ እናኮርፋለን። ሁለቱም ችኮላ ነው።

1. መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ ይወቁ

በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ቅደም ተከተሉ አልጀብራ አንድ፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ ሁለት፣ ፕሪካልኩለስ፣ ከዚያም ካልኩለስ ነው። በየዓመቱ አንድ ስለሚወሰድ አልጀብራን በ9ኛ ክፍል የጀመረ ልጅ 12ኛን የሚጨርሰው ፕሪካልኩለስ ላይ ነው። ካልኩለስ የሚደርሰው በ8ኛ ወይም ከዚያ በፊት የጀመረው ነው። የ12ኛ ክፍሉ ነገር የሚወሰነው እንግዲህ ልጁ ገና 12 ዓመት ገደማ ሳለ ነው። ያመለጠውም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ፤ ጂኦሜትሪንና አልጀብራ ሁለትን በአንድ ዓመት ጎን ለጎን፣ ወይም አንዱን በሐምሌና በነሐሴ ዕረፍት መውሰድ የሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶች አሉ።

2. ማርኩን ትተው መሠረቱን ይፈትሹ

ጥሩ ማርክ የቤት ሥራን በሰዓቱ በማስረከብም ይገኛል። አልጀብራ የከበዳቸውን ልጆች ቀርበው ቢያዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጥላቸው አዲሱ ትምህርት ሳይሆን የቆየው ክፍልፋይና ኔጌቲቭ ቁጥር ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያለ ካልኩሌተር እነዚህን ይሥራ፦

ሁለት ሦስተኛ ለአራት ሲካፈል ስንት ይሆናል?
ከኔጌቲቭ 3 ላይ ኔጌቲቭ 7 ሲቀነስስ?
20 በመቶ ቅናሽ ተደርጎበት በ40 ዶላር የተሸጠ ጫማ የቀድሞ ዋጋው ስንት ነበር?

መልሶቹ አንድ ስድስተኛ፣ 4 እና 50 ዶላር ናቸው። ጫማው ላይ 48 ቢልዎት አይደነቁ፤ 20 በመቶውን ያሰላው ከ40 ላይ ነው። ስሕተቱ ብቻውን አያስፈርድበትም። «እንዴት አገኘኸው?» ሲሉት በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ ምክንያቱን ካስረዳ፣ ወይም እያስረዳ ሳለ ራሱን ካረመ፣ ዝግጁ ነው። መልሱ «መምህሯ እንዲህ አድርጉ ስላለች» ከሆነ ግን ሦስቱንም ቢያገኝ እንኳ እኔ አንድ ዓመት እንዲቆይ እመርጣለሁ።

3. የሚፈልገው ማን እንደሆነ ይለዩ

በሠርግም በክርስትናም «የኔ ልጅ ካልኩለስ ጀመረ» ማለት ደስ ይላል። የቤት ሥራው ጋር የሚያመሸው ግን ልጁ ነውና ይጠይቁት።

4. አማካሪውን ቀጠሮ ይዘው ያነጋግሩ

እንግሊዝኛ ካስቸገረዎት ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ እንዲያቀርብልዎ ይጠይቁ እንጂ ልጁን አስተርጓሚ አያድርጉት፤ የራሱን ጉዳይ እያሳመረ ይነግርዎታል። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምደባው የተሠራው በየትኛው ፈተና ነው? ከከበደው እስከ መቼ ወደ መደበኛው ክፍል ሊመለስ ይችላል? ማርኩ በሁለተኛ ደረጃ ትራንስክሪፕቱ (ኮሌጆች በሚያዩት የውጤት መዝገብ) ላይ ይገባል? ለምሳሌ በቨርጂኒያ በመካከለኛ ደረጃ የተወሰደ የሁለተኛ ደረጃ ኮርስ ማርክ ከትራንስክሪፕቱ ላይ እንዲሰረዝ ወላጅ መጠየቅ ይችላል።

በቅርብ ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ ካለዎት የውጤት ወረቀቱን ይዘው ይሂዱና በሂሳብ ለብቻው እንዲፈተን ይጠይቁ። እንግሊዝኛው ስላልጠነከረ ብቻ ያለፈውን ትምህርት እንደገና ሲማር የሚከርም ልጅ አለ።

5. ከፍ ያሉት ክፍሎች አንድ ዓይነት አይደሉም

ኤፒ የሚባሉት በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጡ የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች ናቸው። ከነዚህም ኤፒ ካልኩለስ ኤቢ እና ቢሲ የሚባሉ ሁለት ኮርሶች አሉ። ቢሲ የኤቢን ትምህርት በሙሉ ይዞ ሌላ ይጨምራል። ፈተናቸው በግንቦት ወር ይሰጣል፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች 3፣ 4 ወይም 5 ላመጣ ክሬዲት ቢሰጡም ከየትኛው እንደሚጀምሩ እያንዳንዳቸው ራሳቸው ይወስናሉ። ምህንድስና ለሚያስብ ልጅ ካልኩለስ ይጠቅመዋል። ወደ ነርስነት ወይም ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ለሚያዘነብለው ግን ኤፒ ስታቲስቲክስ ይበልጥ ይሠራለታል፤ እኛ ወላጆች ስሙን ስለማናውቀው ብቻ እንንቀዋለን።

6. ከፈረሙ በኋላ ስድስት ሳምንት ይከታተሉ

መክበዱ ያለ ነው። ልጁ በየምሽቱ እያለቀሰ ከሆነ፣ ወይም መልሱን ከስልክ ላይ መገልበጥ ከጀመረ፣ መምህሩን ያነጋግሩ። አማካሪው የነገረዎትን የመመለሻ ቀን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈው ያቆዩት።