የትራፊክ አደጋ ሪፖርት እጅዎ ሲገባ ከየት ጀምረው ያነቡታል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወርድ ግጭት የደረሰበት ሰው፣ መኪናው ጋራዥ ገብቶ ከመፈታቱ በፊት በመድን ድርጅቱ የሚጠየቀው ወረቀት የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ነው። አብዛኛው ሰው ወረቀቱን ሲቀበል ዓይኑ በቀጥታ የሚሄደው «ጥፋተኛው ማን ተባለ?» ወደሚለው መስመር ነው። እኔ ግን ያን መስመር በመጨረሻ እንዲያነቡት እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ፖሊሱ በዓይኑ ያየውና በሜትር የለካው፣ ከሰው የሰማውና ራሱ ያመዛዘነው በአንድ ወረቀት ላይ ተቀላቅለው ስለሚሰፍሩ፣ ሦስቱን ሳይለዩ ድምዳሜውን ማንበብ ያሳስታል።

በመጀመሪያ መለያዎቹን ከሊብሬው፣ ከመንጃ ፈቃዱና ከመድን ውሉ ጋር ያመሳክሩ። የሰሌዳው ቁጥር አንድ ሆኖ ኮዱ ወይም የክልሉ ምልክት ከተለየ፣ ሪፖርቱ የሚናገረው ስለ ሌላ ተሽከርካሪ ነው። ቀኑም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ፖሊስ የሚጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን የመድን ውል ግን ብዙ ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ይዘጋጃልና፣ አደጋው ውሉ በጸናበት ጊዜ መድረሱን ቀኑን ቀይረው ያረጋግጡ። ሰዓቱ «3:00» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ጠዋት ይሁን ማታ አይታወቅም። ይህን አንድ ቃል ያልተጻፈለት ዘመዴ፣ አደጋው በቀን መድረሱን ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አውቃለሁ።

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ክፍል ግን ፕላኑ፣ ማለትም የአደጋው ቦታ ንድፍ ነው። በንድፉ ላይ የመንገዱ ስፋት፣ የመሐል መስመሩ፣ የእያንዳንዱ ተሽከርካሪ አቅጣጫ፣ የፍሬን ምልክቱ ርዝመትና ከቋሚ ነገር፣ ለምሳሌ ከመብራት ምሰሶ ወይም ከድልድይ፣ ያለው ርቀት መኖሩን ይመልከቱ። በእኛ መንገድ ላይ በተለይ የሚሳሳቱት ሰዎች የተጋጩበትን ቦታ መኪኖቹ ከቆሙበት ቦታ ጋር አንድ አድርገው የሚያዩ ናቸው። በቁልቁለት ላይ የተመታ መኪና ተንሸራትቶ ራቅ ብሎ ሊቆም ይችላል፤ ጭነት የያዘ ተሳቢ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ የተሰባበረው መስታወትና ከመኪናው ሥር የረገፈው ጭቃ በየትኛው ረድፍ ላይ እንደተገኘ የሚገልጸው ማስታወሻ፣ መኪኖቹ ከቆሙበት ቦታ ይልቅ ስለ ግጭቱ የተሻለ ይናገራል። መንገዱ እንዳይዘጋ መኪኖቹ ፖሊስ ሳይደርስ ተነሥተው ከሆነ፣ ይህ ራሱ በሪፖርቱ ሊጠቀስ ይገባል፤ የሐረጎ ጉም ወይም የአስፋልቱ እርጥበትም እንዲሁ።

ወደ ጽሑፉ ሲያልፉ የግሶቹን ማሠሪያ ያስተውሉ። «ተገኝቷል»፣ «ታይቷል»፣ «ተለክቷል» የሚሉት የፖሊሱ ምልከታ ናቸው፤ «አሽከርካሪው እንደገለጸው» ወይም «ተብሏል» የሚለው የሰው ቃል ነው፤ «ርቀቱን ጠብቆ ባለማሽከርከሩ» ወይም «ቅድሚያ ባለመስጠቱ» የሚለው ደግሞ ድምዳሜ ነው። ድምዳሜውን የሚደግፍ ልኬት ወይም ምስክር ከላይ ካላገኙ፣ ሊከራከሩበት የሚገባው ቦታ እዚያ ነው።

ይህ ድምዳሜ ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት፣ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ደግሞ ቁጥር 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ስለሚገምት፣ አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ በቀር ጠቅላላ ኪሳራውን ግማሽ በግማሽ ያካፍላቸዋል። ይህን ግምት ለማፍረስ የሚቀርበው ዋና ማስረጃ ብዙውን ጊዜ ያው ፕላን ነው።

ሰው የተጎዳ ከሆነ የጉዳቱን ደረጃ እንደ መጨረሻ ቃል አይውሰዱት። በዕለቱ «ቀላል» ተብሎ የተመዘገበ ጉዳት በሕክምና ማስረጃ ከባድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ተጎጂው ካረፈ ደግሞ የሚጠቀሰው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ከማድረስ፣ ከ559፣ በቸልተኝነት ሰው ወደ መግደል፣ ወደ 543፣ ይለወጣል።

ስህተት ካገኙ በወረቀቱ ላይ በራስዎ እስክሪብቶ አንዲት ፊደል እንኳ አይነካኩ፤ የተሰረዘ ሰነድ ጥርጣሬ ያስነሣል። የተሳሳተውን መስመር ጠቅሰው፣ ሊብሬውን ወይም ፎቶግራፉን አያይዘው፣ ሪፖርቱን ለሰጠው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በማመልከቻ ያቅርቡ፤ የማመልከቻዎን ቅጂም ገቢ የተደረገበትን ቀንና ማኅተም አስደርገው ያስቀሩ። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሳ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ መመሥረት ስላለበት፣ እርማቱን እየጠበቁ ቀኑ እንዳያልፍብዎ ይቁጠሩ።