ከርነሉ «እዚህ መጻፍ ክልክል ነው» ሲላችሁ

ሥራዬ የሊኑክስ ድራይቨር መጻፍ ነው። እዚህ የማወራውም ስለ ሊኑክስ ነው፤ ባለ 64 ቢት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላይ።

ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ለንባብ ብቻ ወደተፈቀደ ፔጅ (የማስታወሻ ቁራጭ) ሊጽፍ ሲል ፕሮሰሰሩ ያስቆመዋል። ኡፕስ የሚባለው የከርነሉ የስህተት መልእክት ይወጣል። ብዙ ሰው ያኔ የሚያስበው ፈቃዱን እንዴት እንደሚያገኝ ነው። እባካችሁ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ይህ አድራሻ ለምን ተቆለፈ? የእኔ ኮድስ እዚህ ምን አመጣው?

መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መልእክቱ ላይ አለ። ከስህተት ኮዱ ጀምሩ። 1 ፔጁ አለ ማለት ነው፣ 2 ሙከራው መጻፍ ነበር፣ 4 ደግሞ የመጣው ከተጠቃሚ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ኮዱ 3 ከሆነ ፔጁ አለ፣ ከርነሉ ሊጽፍበት ሞክሯል፣ ተከልክሏል። የምንፈልገው ይሄ ነው። ኮዱ 2 ከሆነ ግን ፔጁ ራሱ የለም። ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ባዶ ወይም የተበላሸ ፖይንተር ፈልጉ።

ቀጥሎ ፒቲኢ የሚለውን ቁጥር ተመልከቱ፤ ፔጁ በፔጅ ቴብሉ (የፔጆች አድራሻና ፈቃድ በሚመዘገብበት ሠንጠረዥ) ውስጥ ያለው መዝገብ ነው። በሄክስ የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች 161 ከሆኑ መጻፍ ተዘግቷል። 163 ከሆኑ ተፈቅዷል። ልዩነቱ ያቺ 2 ናት፣ የመጻፍ ፈቃዱ ቢት። 163 እያለ ኮድ 3 ከወጣ ከፒቲኢ በላይ ያሉትን ደረጃዎች አንድ በአንድ እዩ፤ አንዱ ከከለከለ ሁሉም እንደተከለከለ ይቆጠራል። ፔጁ ባለ 2 ሜጋባይት ከሆነ ደግሞ ፒቲኢ የለውም፤ ፈቃዱ ያለው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ፒኤምዲው ላይ ነው።

አሁን አድራሻው የማን እንደሆነ እንወቅ። የምትፈትኑበትን ቨርችዋል ማሽን «ኖካስለር» በሚለው የቡት አማራጭ አስነሱት፤ አለበለዚያ አድራሻዎቹ በየቡቱ ይቀያየሩባችኋል። ከዚያ የከርነሉን ፋንክሽኖችና ተለዋዋጮች አድራሻ የሚዘረዝረውን ሲስተም ማፕ ፋይል ክፈቱና አድራሻው ከሮዳታ (ለንባብ ብቻ የሆነው የከርነሉ ዳታ) መጀመሪያና መጨረሻ መካከል መውደቁን አረጋግጡ። አርአይፒ የሚለው መስመር የጻፈውን ፋንክሽን ይነግራችኋል። ዲበግ ኢንፎ አብርታችሁ ካጠናቀራችሁት ከከርነሉ ስክሪፕቶች አንዱ ትክክለኛውን የኮድ መስመር ያወጣላችኋል።

እኔ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ከ2016 ጀምሮ ያለው «አርኦ-አፍተር-ኢኒት» ምልክት ነው። ምልክቱ ያለበት ተለዋዋጭ ኢኒት (ኮዱ ሲነሳ ያለው የዝግጅት ደረጃ) ላይ እያለ በነፃነት ይጻፍበታል። ኢኒት ሲያልቅ ይቆለፋል። ስለዚህ ሞጁሉ (ከርነሉ ላይ የሚጫነው ተጨማሪ ኮድ) ሲጫን ሁሉም ነገር ሰላም ነው፤ በኋላ አንድ ሰው በሲስኤፍኤስ (የከርነሉን ቅንብሮች እንደ ፋይል በሚያሳየው ሥርዓት) ቅንብሩን ሊቀይር ሲል ማሽኑ ኡፕስ ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወይ ጽሕፈቱን ወደ ኢኒት መልሱ፣ ወይ ምልክቱን አንሱ። ሌላው የተለመደ ጉዳይ በካስት (በዓይነት ቅየራ) የተገፈፈ ኮንስት (ተለዋዋጩ አይቀየርም የሚል ምልክት) ነው። ኮምፓይለሩ ዝም ቢልም ፔጅ ቴብሉ ዝም አይልም።

በየቦታው አንድ አቋራጭ ታገኛላችሁ፦ ሲአር0 (የፕሮሰሰሩ መቆጣጠሪያ ሬጅስተር) ላይ የመጻፍ ጥበቃ የሆነውን 16ኛውን ቢት አጥፋ፣ ጻፍ፣ መልስ። አታድርጉት። ያ ቢት ሲጠፋ ያ ኮር ለከርነሉ የተቆለፈውን ሁሉ ይከፍታል፤ የእናንተን ፔጅ ብቻ አይደለም። ከስሪት 5.3 ጀምሮ ከርነሉ ራሱ ይህን ቢት በተለመደው መንገድ ማጥፋትን ይከላከላል። «ሮዳታ=ኦፍ» ብሎ ቡት ማድረግም ያው ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የከርነሉን ኮድ መቀየር የግድ ከሆነ ለዚሁ የተሠሩት ኤፍትሬስና ላይቭፓች አሉ።

ተቃራኒው ችግር የባሰ አደገኛ ነው፤ መከልከል የነበረበት ጽሕፈት በዝምታ ሲያልፍ ማለቴ ነው። ይህን ለመፈተሽ ኤልኬዲቲኤም የተባለውን ሞጁል አጠናቅራችሁ ጫኑ። ዲበግኤፍኤስ (የከርነሉ የምርመራ ፋይሎች ሥርዓት) ውስጥ በሚያወጣው የፕሮቮክ-ክራሽ ፋይል ላይ «ራይት_አርኦ» ብላችሁ ጻፉ። ኡፕስ ከወጣና ሼላችሁ ከተገደለ ጥበቃው ይሠራል። «ፌይል፦ ሰርቫይቭድ ባድ ራይት» ካለ ግን ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክቶች መዝገብ) ውስጥ ቡት ላይ የሮዳታ መቆለፍን የሚያበስረው መስመር መኖሩን እዩ። ከሌለ የቡት አማራጩንና የከርነሉን ኮንፊግ አጣሩ። መስመሩ ካለ ደግሞ ከቡት በኋላ የተጫኑትን ሞጁሎች እያወጣችሁ ፈተናውን ድገሙት።