ወይራ፣ ጥድ ወይስ ዝግባ? በሰሜን ሸዋ ለግቢ የሚሆነውን ዛፍ ለመምረጥ

ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ጉድጓዱን ቆፍሩ። ስፋቱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሱበትና በማግስቱ እዩት። ውኃው ካልሰረገ ጥድ አትትከሉበት። ጥድ ድርቁንም ብርዱንም ይችላል፤ ክረምቱን ሙሉ ሥሩ ውኃ ውስጥ ከከረመ ግን ታፍኖ ይበሰብስና ቅጠሉ እየቀላ ይደርቃል። መረሬ አፈር ላይ ጉድጓድ እንደ ጋን ውኃ ይይዛል። ሌላ ቦታ ከሌላችሁ አፈሩን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከምራችሁ ጉብታው ላይ ትከሉ፤ ዙሪያውን ቦይ ቅደዱለት።

ቀጥሎ የሚወስነው ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ይጥላል። ወይራና ጥድ ሥር ከሰደዱ ይቋቋሙታል። ዝግባ ግን በችግኝነቱ ጥላና ከለላ ይፈልጋል፤ ወፍ ዋሻ ደን ውስጥም ከሌሎች ዛፎች ጋር ነው የሚያድገው። ገላጣ ቦታ ላይ ለብቻው ከቆመ ጫፉን ውርጭ ይመታዋል። ሲያድግም ግዙፍ ስለሚሆን ከቤት 10 ሜትር ይራቅ። እንደ ሸዋ ሮቢት ላለ ቆላ ጥድም ዝግባም አይሆኑም።

ለጠባብ የደጋ ግቢ እኛ የምንመርጠው ወይራን ነው። ከቤት 5 ሜትር ይበቃዋል፤ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ጭራሮውም ለጋን ማጠኛ ይሆናል። ጥድ ግን ቅጠል አልባ ግንዱ ድረስ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ወይራን ፍየል ስለሚወደው አጥሩ ከችግኙ ይቅደም።

ጥድ ስትገዙ ዘሩ የተለቀመበትን ዛፍ ጠይቁ። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ ጠንካራ የእንጨት ፍሬ ካለው ቶሎ የሚያድገው የፈረንጅ ጥድ ነው። ሥሩ በላስቲኩ ውስጥ የተጠመጠመ ችግኝም አትውሰዱ፤ ዓመታት ቆይቶ ራሱን ያንቃል።

ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰ በኋላ፣ በሐምሌ መጀመሪያ፣ ላስቲኩን ገፍፋችሁ ትከሉ። ሦስት እጅ የላይ አፈር ከአንድ እጅ የበሰለ ፍግ ጋር ቀላቅሉ፤ ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። የግንዱ አንገት አይቀበር። ደረቅ ሣር አልብሱት፤ ግንዱን እንዳያበሰብሰው አራት ጣት ያህል አርቁት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በሳምንት 10 ሊትር ውኃ በቀስታ አጠጡ። ውርጭ ባደረበት ቅጠል ላይ የጠዋት ፀሐይ በድንገት ሲያርፍ ጉዳቱ ስለሚብስ፣ በምሥራቅ በኩል በሣር ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ከልሉት።