መኪናችሁ «አፕዴት» ስትላችሁ ወዲያው እሺ አትበሏት

በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እንደ ብዙው ሰው እኔም ኤሌክትሪክ ገዛሁ። የተሠራችው ለቻይና ገበያ ስለሆነ ስክሪኗ ከላይ እስከ ታች ቻይንኛ ነበር። አንድ ልጅ ላፕቶፑን ሰክቶ ወደ እንግሊዝኛ ቀየረልኝ። ከዚያ አንድ ማታ ግቢ ቆማ የቤቱን ዋይፋይ እንደያዘች «አዲስ ሶፍትዌር መጥቷል» አለችኝ። እንደ ስልክ መስሎኝ ተጫንኩት።

ጠዋት ስነሳ ስክሪኑ ተመልሶ ቻይንኛ ሆኗል። አጥፍቼው የነበረው መስመር ጠባቂም (መኪናዋ ከመስመሯ ስትወጣ መሪውን ራሱ የሚመልሰው) በርቷል፤ ይሄኛውን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ጉድጓድ አየሁ። እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሹፌር ፍሬቻ ሳላበራ ወደ ግራ ሸሸት አልኩ። መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠና ወደ ቀኝ ሳበኝ። ያለ ፍሬቻ መስመር ስለቅ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሏታል። ጠበቅ አድርጌ እስክመልሰው የፊት ቀኝ ጎማ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ፈነዳ። እስፔር ጎማ ደግሞ የላትም። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች እንደሌላቸውም ያኔ ነው የገባኝ።

ስለዚህ አሁን እንዴት እንደማደርግ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ፎቶ። የሴቲንጉን ገጾች አንድ በአንድ በስልካችሁ አንሱ። የቱ በርቷል፣ የቱ ጠፍቷል፣ የሶፍትዌሩ ቁጥር ስንት ነው? በእንግሊዝኛ እያለ ያነሳችሁት ፎቶ፣ ቻይንኛው ተመልሶ ከመጣ መዝገበ ቃላት ይሆናችኋል። ቀጥሎ ቋንቋውን ለቀየረላችሁ ባለሙያ ደውሉና «ይሄን አፕዴት ባደርግ የሠራኸው ይጠፋል ወይ?» በሉት። «ችግር የለውም» ብሎ ከቸኮለ ሌላም ሰው ጠይቁ።

ከዚያ ቀኑን ምረጡ። እኔ ቅዳሜ ማታ ነው የማደርገው፤ እሑድ መኪና ባትነሳም ታክሲ አለ። የመንገድ ዋዜማ ላይ አትሞክሩት። ብዙ ጊዜ ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ አንዱ «አሁኑኑ»፣ ሌላው «በቀጠሮ»። ስልካችሁ ካሜራ ላይ ያለውን ተርጓሚ ደቅናችሁ የቱ የቱ እንደሆነ ሳታረጋግጡ ጣታችሁን አታሳርፉ።

ማውረዱና መጫኑ ለየቅል ናቸው። በማውረዱ ላይ መብራት ቢጠፋና ዋይፋዩ ቢቋረጥ ብዙ ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል። መጫኑ ግን ቀልድ አያውቅም። ማርሹ ፒ ላይ ይሁን፣ በሮቹ ይዘጉ፤ ብዙዎቹ ቻርጀሩም እንዲነቀል ይፈልጋሉ። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ደካማ ከሆነች ደግሞ ጭራሽ አትጀምሩት፤ ኮምፒውተሮቹን የምታስነሳው እሷ ናት። መሃል ላይ ስክሪኑ ድርግም ይላል፣ ከኮፈኑ ሥር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ባለቤቴ «ሞተች እኮ!» ብላ በር ልትከፍት ስትል እጇን ነው የያዝኩት።

«ታዲያ ለምን ጭራሽ አልተወውም?» የሚል አይጠፋም። አፕዴት ጌጥ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቴስላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አሜሪካ ውስጥ 2 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለእርማት የጠራው አውቶፓይሎት ለሚለው ሹፌር አጋዥ ሲስተሙ ሲሆን፣ ማስተካከያውን የላከው በኢንተርኔት ነው፤ ማንም ጋራዥ አልሄደም። ቻይናም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 አምራቾቿን ሰብስባ፣ ሹፌር የሚያግዘውን ነገር «ራሱ ይነዳል» እያላችሁ አታስተዋውቁ፣ ያለ ፈቃድም አፕዴት አትልቀቁ ብላለች።

ከተጫነ በኋላ ከግቢ ሳትወጡ ፎቶዎቹን አውጡና አንድ በአንድ አስተያዩ። እኔ ከተማ ውስጥ መስመር ጠባቂውን አጠፋዋለሁ። በኮሪደር ልማት አዲስ ቀለም የተቀቡት መንገዶች ላይ ደህና ይሠራል፤ የድሮውና የአዲሱ መስመር በተደራረቡበት ግን የቱን እንደሚከተል እሱም አያውቅም። ራሷ ፍሬን የምትይዝበትን ግን በጭራሽ አትንኩት። በፋሲካ ዋዜማ በግ የሚያሯሩጥ ሰው ፊቴ ጥልቅ ሲል፣ ከእኔ እግር ቀድማ ቀጥ ብላለች። አማቴ ከኋላ «በስመ አብ!» እያሉ እስከ ቤት ድረስ አላባሩም።

ርቀት ጠባቂውን ክሩዝ፣ ማለትም ከፊት ካለው መኪና ርቀቱን እየጠበቀ ፍጥነቱን ራሱ የሚያስተካክለውን፣ ለአዳማ ፈጣን መንገድ አስቀምጡት። ከተማ ውስጥ የምትተወውን ክፍተት ሚኒባስ ይገባበታል፣ እሷ ፍሬን ትይዛለች፣ የኋላው ክላክስ ይለቅባችኋል። ከአዳማ ወዲያ ደግሞ አጥፉት። የተበላሸ ሲኖትራክ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ደርድሮ ሲቆም እኛ ቋንቋው ይገባናል፤ ለእሷ ቅጠል ቅጠል ነው። በፍጥነት ላይ እያለች የቆመ መኪናንም ልትስት ትችላለች፤ ይሄ መመሪያው ላይም ተጽፏል።

ሁሉንም ነገር በአፕዴት አታሳብቡ ደግሞ። ካቻምና ክሩስኮቱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶ ክሩዙም መስመር ጠባቂውም እምቢ አሉኝ። ሶፍትዌሩ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ባለሙያ ለባለሙያ ዞርኩ። በመጨረሻ አንዱ ላቫጆ ውስጥ መስታወት የሚወለውል ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ካሜራ አይደል እንዴ?» አለኝ። ከስፖኪዮው ጀርባ ካለው ካሜራ ፊት ለፊት፣ ልክ ዓይኑ ላይ፣ ቦሎዬ ተለጥፏል። በሞቀ ውኃ አራስን፣ በጥፍር ላጥን፤ ትንሽ ነዳሁና መብራቱ ጠፋ።